የአሞሌ ዋጋ

ይህች ወረቀት በረሃውንም ባሕሩንም ተሻግራ ከእጅሽ ትግባ፤ ለእታለሜ ለወይንእሸት።

እንዴት ነሽልኝ? ክረምቱን እንዴት አለፍሽው? እዚያ ክረምት የሚባል የለም ትዪኛለሽ፤ እኔ ግን የምቆጥረው በኛው ነው። ያ የሚያነድደው ሙቀታችሁ አሁን በረድ ብሎ ይሆን? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ምንጣፍ ስትጠቀልዪ ይወጋሻል? ማዳምሽ የወለደችው ሕፃን እንቅልፍ ያስተኛሻል? ያቺ ፊሊፒኗ ጓደኛሽ ማሪሰል እንዴት ናት? አንቺን ከማየት በቀር ምንም አልጎደለንም ብልሽ መዋሸት ይሆንብኛል፤ ግን በሕይወት አለን፣ በእግራችን ቆመናል፣ ፈጣሪ ይመስገን።

እማዬ ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ያማታል እንጂ የቢቸና ገበያ ሲውል ማንም አያስቀራትም። የዘንድሮው ጤፍ መልካም ነው። የኩሽናውን ክዳን አሳድሰናል፤ አንቺ በላክሽው ነው፤ እሷም ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ ወደ ክዳኑ ቀና ብላ እያሳየች «ይህ የወይንእሸት ነው» ትላለች። ለጥምቀት ከሞጣ ወርጄ ነበር። ታቦቱ ሲመለስ ልብሷን ለብሳ ከጎረቤታችን ከእትዬ ይርጋነሽ ጋር ስትሄድ ከኋላ አየኋት፤ እታለሜ፣ አጥራለች። ሰው በቁመቱ እንደሚያጥር አላውቅም ነበር።

ወረቀቷን የምታደርስልሽ ዘሚራ ናት፤ የቤት አከራዬ የሐጂ አብዱሰመድ ልጅ። እሷም እንዳንቺው ኩዌት ናት፤ ለእረፍት መጥታ አባቷ ዘንድ ከርማ ልትመለስ ነው። በስልክ ድምፅህን ብትልክ ምን ነበረበት ትዪ ይሆናል። የኔን ድምፅ የምትሰሚው ልብስ እየተኮስሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ካውያው ሲያፏጭ በድምፅሽ ውስጥ ይሰማኛል። ይህን ግን ቁጭ ብለሽ እንድታነቢው ፈለግሁ።

አምና በፈረንጆቹ ገና ሰሞን አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ግዢልኝ ብዬ አስቸግሬሽ ነበር። አንቺም እየሳቅሽ «አስናቀው፣ አንተ ሰው፣ ጢምህ ሳይሸብት አልቀረም፤ ለልጅ መጫወቻ ዶላር ላውጣልህ?» አልሽኝ። ሳቅሽም፣ ገዛሽልኝም። ለምን እንደሆነ ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ጉዳዩ የኔ ብቻ ስላልነበረ ነው። አሁን ባለጉዳይዋ «ለእህትህ ንገራት፤ ገንዘቧ የት እንደገባ ትወቅ» ስላለችኝ ከመጀመሪያው አንስቼ ልንገርሽ።

ክፍሌን በፎቶ አይተሻታል። ከፊት ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ከውስጥ የጌም ማሽኖቹ፣ ከመጋረጃው ኋላ አልጋዬ። ከትምህርት ቤት መልስ ጎረምሶቹ ይሞሉታል። ኳስ ነው የሚጫወቱት፤ ጎል ሲገባ ጩኸታቸው ቆርቆሮውን ሊያነሳው ይደርሳል። ሰው እንዲህ በሞላበት ቤት ውስጥ ብቸኝነት ይኖራል ቢሉኝ ድሮ አላምንም ነበር። ሁሉም ፊቱ ወደ እስክሪኑ ነው፤ ወደኔ የሚዞሩት ሰዓታቸው ሲያልቅ ነው፣ ያውም ለመጨቃጨቅ። ምሳዬን ቆሜ እበላለሁ። በግንደወይን በኩል የሚመጣው አውቶቡስ ከበሬ ፊት ለፊት ሰው ሲያራግፍ እቆምና አያለሁ፤ የወረደው ሁሉ ዕቃውን አንስቶ ወደ አንድ ቤት ይሄዳል። ሞጣ ክፉ አገር ሆና አይደለም። ቋንቋው የኛ፣ ሰዉ የኛ ነው። ግን ስሜን የሚጠራኝ ሰው ሁሉ ከስሜ ቀጥሎ «ይህን አባዛልኝ» ይላል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ኮምፒውተር የሚማር ከፋለ የሚባል የሞጣ ጎረምሳ አለ። ለእረፍት ሲመጣ በፍላሽ ጨዋታ ይዞልኝ ይመጣል። አምና በጥቅምት ከብዙዎቹ ጋር አንዲት ለየት ያለች ጫነልኝ። ድሮ በቴሌቪዥን ላይ በሚሰካ ማሽን የሚጫወቷት ነበረች፤ ባለቤቶቿ አሁን ወደ ኮምፒውተር አዛውረዋታል፤ መልኳን ግን አልነኩትም። ሰዎቹ ከአራት ማዕዘን ነጠብጣብ የተሠሩ ናቸው፤ አፍንጫ እንኳ የላቸውም። ሙዚቃዋ በአንድ ጣት የተመታ ይመስላል። አራት መንገደኞች ጨው በአህያ ጭነው ባሕሩ የደረቀበትን አገር ይሻገራሉ። በየመንደሩ ገብተው ሰው ያነጋግራሉ፤ ወሬው ሁሉ በጽሑፍ ነው፤ ማንበብ የማይወድ አይነካትም። አውሬ ወይም ሽፍታ ሲገጥማቸው ውጊያው እንደ ገበጣ በተራ ነው፤ አንቺ ምን እንደምታደርጊ አስበሽ እስክትመርጪ ድረስ ጠላትሽ ቆሞ ይጠብቅሻል።

ጎረምሶቹ ሳቁባት። ከፋለ ራሱ «አሞሌ» የሚል ስም አወጣላት፤ ጨው ስለሚጭኑም፣ ጊዜው ያለፈበት ገንዘብ ማለቱም ነው፤ ቅኔ መሆኗ ነው። ለሷ ብሎ የሰዓት የከፈለ አልነበረም። እኔ ግን ረፋድ ላይ ቤቱ ባዶ ሲሆን እከፍታትና ሙዚቃዋን እየሰማሁ ሥራዬን እሠራለሁ። ዝም ካለ ቤት ትሻላለች።

በኅዳር አንድ ረፋድ አንዲት ሴት ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ መጣች። ነጠላዋን ግንባሯ ድረስ ስባዋለች። ማሽኑ እስኪሞቅ ስትጠብቅ ሙዚቃው ተሰማት። እታለሜ፣ ሰው በስሙ ሲጠሩት እንደሚዞረው ነው የዞረችው። ደፍ ላይ ቆማ ነበር፤ ሳትጠይቀኝ ገባች። እስክሪኑ ፊት ቆመችና «ይህን ከየት አገኘኸው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ልንካው?» አለች። ወንበር ሰጠኋት።

ስትጀምሪ ለአራቱ መንገደኞች ስም ስጪ ይልሻል። እኔ ስጫወት ዝም ብዬ አልፈው ነበር። እሷ ግን ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየመረጠች የመጀመሪያውን «ያራ» ብላ ጻፈች፤ ሁለተኛውን «ሀብቲ»። የቀሩትን ሁለቱን ተወቻቸው። ከዚያ እጇ መንገዱን ያውቀዋል፤ የትኛው ቤት ውስጥ ስንቅ እንዳለ፣ የትኛው ሰውዬ ቢያነጋግሩት ውኃ እንደሚሰጥ። ኮፒዋን ሠርቼ አጠገቧ አስቀመጥኩላት፤ አላየችውም። ስትነሳ የሰዓቱን ሒሳብ ጠየቀችኝና ከፍላ ሄደች። በማግስቱም መጣች። በሠልስቱም።

ስሟ ሀብትነሽ ነው። ከመርጡለ ማርያም መንገድ ላይ ካለ ገጠር ነው ትውልዷ፤ ሞጣ አክስቷ ቤት ተቀምጣለች። ቤሩት ኖራ የተመለሰች ናት። ስለሷ የማውቀው መጀመሪያ ይህን ብቻ ነበር፤ ያንንም የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ «ያቺ ባዶ እጇን የመጣችው» እያሉ። ሰው አገር ከርሞ የመጣ ሰው ሻንጣው እንጂ ልቡ አይጠየቅም፤ አንቺም ስትመጪ ታዪዋለሽ።

ቀስ በቀስ ወሬ ተነሳ። ሴት ልጅ ጌም ቤት ተቀምጣ ምን ትሠራለች? እሱስ ለምን ይፈቅዳል? ለሐጂም ደረሳቸው። አንድ ቀን ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። ቤቱን ልቀቅ ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ከኋላዋ ቆመው ብዙ አዩ። «የኔ ልጅ፣ ምንድነው የምታዪው?» አሏት። ደንግጣ ልትነሳ ስትል በእጃቸው አስቀመጧት። «መንገደኞች ናቸው፣ ሐጂ። ጨው ይዘው ይሄዳሉ» አለች። «ይደርሳሉ?» አሏት። «አላውቅም። እኔ መጨረሻውን አላየሁትም።» ሐጂ «አላህ ያድርሳቸው» ብለው ወጡ። ከሰዓት በኋላ ከቤታቸው መደገፊያ ያለው ወንበር ላኩ። ወሬኞቹንም መስጊድ በር ላይ «የኔም ልጅ ሰው ቤት ናት። እዚያ ለዘሚራ ወንበር የሚያቀርብላትን አላህ ይባርከው፤ እናንተ አንዲት ሴት ስለተቀመጠች ምን ጎደላችሁ?» እንዳሏቸው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም።

ታኅሣሥ ሲገባ ጨዋታዋ ቆመች። መንገደኞቹ አንድ ትልቅ ገደል ጋ ደርሰው ነበር፤ እንደ ዓባይ በረሃ ያለ ነው፤ ከታች ድልድይ አለ። ድልድዩን ሊረግጡ ሲሉ ሁሉም ነገር ጠቆረና በእንግሊዝኛ ጽሑፍ መጣ፤ እስከዚህ የተጫወታችሁት ለቅምሻ ነው፤ ቀሪውን የምትፈልጉ ግዙ ይላል። ከፋለ ያመጣልኝ ቅምሻውን ብቻ ኖሯል፤ እሱም አላወቀም። ሀብትነሽ እጇን ከቁልፎቹ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። ነጠላዋን ሳበችና ወጣች፤ በማግስቱም ሳትመጣ ቀረች።

እኔም ያን ቀን ምን ያህል ለምጃት እንደነበር አወቅሁ። ብዙ አናወራም እኮ፤ እሷ ትጫወታለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ አልፎ አልፎ አንድ የማታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ሲመጣ ትጠይቀኛለች። ወሬያችን ያቺው ብቻ ነበረች። ያቺ ግን ስትቀር ቤቱ ሰፋብኝ።

ከፋለ ቤተሰቡን ሊጠይቅ ሲመጣ ነገርኩት። ስልኩን አወጣና ጨዋታዋ የምትሸጥበትን የኢንተርኔት ሱቅ አሳየኝ። ሃያ አምስት ዶላር ትላለች። ከሥር ደግሞ የገዙ ሰዎች አስተያየታቸውን ጽፈዋል። ግማሹ ይራገማል፦ ይህን ያረጀ ነገር ከአንዱ ማሽን ወደ ሌላው ስላዛወራችሁት ብቻ እንዴት የአዲስ ዋጋ ትጠይቁበታላችሁ፣ ሥዕሉን እንኳ አላጸዳችሁትም፣ ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ሥዕሉን ብትነኩት ኖሮ አልገዛም ነበር፣ የልጅነቴን ክረምት ነው የመለሳችሁልኝ፣ ይላል። ከፋለ ከተራጋሚዎቹ ወገነ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለበለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብሎ ተረተባት። «በዚህ ዋጋ የዘንድሮውን ኳስ መግዛት እየቻልክ አሞሌ ትገዛለህ?»

ይህን ሲል ለካስ ሀብትነሽ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ልትጠይቀኝ ነበር የመጣችው፤ በሰው አገር ካርድ የሚገዛ ሰው እንዳለኝ። ከፋለን አየችውና በቀስታ «አሮጌ ያልካት እስከመጨረሻው ስላየሃት ነው?» አለችው። «ኧረ ጀምሬም አላውቅ» አላት። «እንግዲያው ላንተ አዲስ ናት» አለችው። ከፋለ ልጅ አዋቂ ነው፤ ቀልዱን ተወና ወንበር ሳበላት። ያን ቀን ነው የነገረችን።

ቤሩት የገባችበት ቤት አንዲት ልጅ ነበረች፤ ያራ። ዕድሜዋ ለአቅመ ሔዋን ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ደም የሚጨርስ በሽታ ይዟት አልጋ ላይ ውላለች፤ የሀብትነሽ ሥራ እሷን መጠበቅ ነበር። የልጅቷ አባት በወጣትነቱ የሚጫወትበት አሮጌ ማሽን መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አቧራውን የምትወለውለው ሀብትነሽ ናት። አንድ ቀን ያራ አስወረደቻት። ልጅቷ እጇ ስለሚደክም አዲሶቹን ጨዋታዎች አትችልም፤ ሩጫ ናቸው። ይህች ግን ትጠብቃለች። «መድኃኒቱ ሲያስታውካት ትተዋለች፤ ስንመለስ መንገደኞቹ ያው እዚያው ቆመዋል» አለችን። እያንዳንዱን ጽሑፍ ያራ ታነብላታለች፤ ሲደክማት ደግሞ «አንቺ አንብቢልኝ» ትላታለች። ሀብትነሽ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠችውን እንግሊዝኛ በአልጋ ዳር እንዲህ ተማረችው። አንዱን መንገደኛ በሀብትነሽ ስም የሰየመችውም እሷ ናት፤ «ያለ አንቺ አልሄድም» ብላ።

ድልድዩን ተሻግረዋል። ደረቁ ባሕር ዳርቻ ድረስ ደርሰዋል። ከዚያ ልጅቷን ሆስፒታል አስገቧትና አልተመለሰችም። ማዳሟ ከቀብር በኋላ «ፊትሽን ባየሁ ቁጥር እሷን እጠራለሁ፤ አልችልም» አለቻት። ክፉ ሴት አይደለችም አለች ሀብትነሽ፤ ሐዘን ነው። በዚያው ሳምንት ወደ አገሯ ተሳፈረች። ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ ልንካው ብላ መጠየቅ አፍራ ቀረች። «እናቷ አለቀሰች፣ አባቷ አለቀሰ። እኔ ደግሞ የማን ናት ብዬ ላልቅስ? ደሞዝተኛ ነኝ» አለችን።

ከፋለ አንገቱን ደፋ። «በፈረንጆቹ ገና ዋጋው ይወርዳል፤ ሁልጊዜ ያደርጉታል፤ ትንሽ እንታገሥ» አለ። እኔ ለምን በሙሉ ዋጋው አንገዛም ስል ሀብትነሽ ራሷ «ታገሡ፤ የሰው ላብ ነው» አለች፤ ያንቺን ማለቷ ነው። ዋጋው በግማሽ የወረደ ቀን ነው እንግዲህ ያን የድምፅ መልእክት የላክሁልሽ። አንቺና ማሪሰል በካርዷ ገዝታችሁ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበትን ኮድ ላካችሁልኝ። ሞጣ ላይ ኔትወርኩ ስላልሳበው ላፕቶፔን ይዤ ባሕር ዳር ሄድኩ። አሮጌ መሆኗ እዚህ ላይ ጠቀመን፤ ትንሽ ናትና ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ወረደችልኝ። የዘመኑ ጨዋታ ቢሆን ማሽኔም አይሸከመው፣ ኢንተርኔቱም ሦስት ቀን ያስተኛኝ ነበር።

ከገና እስከ ሰኔ ሀብትነሽ ረፋድ ረፋድ እየመጣች ተጫወተቻት። ጓደኞች ሆንን ልበልሽ? ሆንን። የማታውቀውን ቃል ስትጠይቀኝ እኔም የማላውቀው ይሆንና ሁለታችን መዝገበ ቃላት ላይ እንደፋለን። ጨዋታዋ የድሮ ስለሆነች እንደፈለግሽ ሴቭ አታስደርግም፤ ማረፊያ ቦታ እስክትደርሺ መጠበቅ አለብሽ። አንድ ቀን ዋሻ ውስጥ ብዙ ደክማ ልትወጣ ስትል መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪው ስለሞተ በገመድ ነበር የሚሠራው። እስክሪኑ ድርግም አለ። እኔ ታለቅሳለች ብዬ ስፈራ እሷ ሳቀች፤ እንዲህ ዓይነት ሳቅ ካንቺ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። «ያራ ብትኖር መብራት ኃይልን በአረብኛ ትሰድበው ነበር» አለች። ስሟን በሳቅ ስትጠራው የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምሳ ስበላ መቀመጥ ጀመርኩ፤ ሁለት ሰው ቆሞ አይበላም።

በሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን በሚደበድብበት አንድ ከሰዓት በኋላ ደረቁ ባሕር ጋ ደረሰች። ጎረምሶቹም ነበሩ፤ ነገሩ ገብቷቸው ጨዋታቸውን አቁመው ከኋላዋ ቆሙ። ሁላችንም ትልቅ ውጊያ ጠብቀናል። ምንም ውጊያ የለም። መንገደኞቹ ጨዋቸውን ከአህያው አራግፈው ባሕሩ ወለል ላይ አፈሰሱት፤ ውኃው ከርቀት እየተንፏቀቀ መጣ። ከዚያ አራቱ መንታ መንገድ ላይ ቆመው እየተያዩ ሳይነጋገሩ ተለያዩ። በቃ። የሠሩት ሰዎች ስም በዝግታ ወጥቶ አለቀና እስክሪኑ ላይ «ፍጻሜ» የሚል ቃል ቀረ። ቁልፍ ካልነካሽው አይሄድም። ሀብትነሽ አልነካችውም። «ያራ መጨረሻው ጦርነት ነው እያለች ትፈራ ነበር» አለች። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች፤ እንደ እናት፣ እንደ እህት፣ ድምፅ አውጥታ። ከጎረምሶቹ አንዱ ተነስቶ በሩን ዘጋው፤ ከመንገድ ሰው እንዳያያት ነው። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ለያራ በሞጣ የተለቀሰላት።

ያወጣሽው ዶላር የገባው እዚህ ነው፤ ተወደደ በይ፣ ረከሰ በይ፣ አንቺ ፍረጂ።

ከዚህ በኋላ ያለው የኔ ነው። ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ራሷን ልጠይቃት ብዬ ደፈርኩ። ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝና «ሀብትነሽ፣ ወንበሩ ያንቺ ሆኖ ቢቀርስ?» ብዬ አረፍኩት። ገባት። አልሳቀችብኝም። «አስናቀው፣ አንተ ደግ ሰው ነህ። ግን አውሮፕላኑ ያወረደው ሰውነቴን ነው፤ እኔ ገና አልገባሁም። ሳልገባ እንዴት አግቢኝ ትለኛለህ?» አለችኝ። እጠብቅሻለሁ አልኳት። «አትጠብቀኝ። የሚጠብቀኝ ሰው ካለ እቸኩላለሁ» አለች።

መስከረም ላይ ደብረ ማርቆስ ወረደች። ያቋረጠችውን ትምህርት በማታ ልትጨርስ፣ ከዚያ ነርስነት ልትማር ነው፤ ቀን ቀን አንድ የታመመች አሮጊት ትጠብቃለች። እኔ ነኝ ዕቃዋን ተሸክሜ መናኸሪያ ያደረስኳት። አንዳንዴ ትደውላለች፤ ስለ ትምህርቷ ታወራኛለች፤ ስለሌላ አናነሳም። ጎረምሶቹ ደግሞ ገበያው ጋ ትልቅ እስክሪን ያለው ቤት ተከፍቶ ወደዚያ ሄደዋል። ሆድ ይፍጀው እንጂ ረፋዱ አልገፋ ይለኛል። ሙዚቃዋን ለመክፈት እጄ ይሄድና እተወዋለሁ። ኮፒው ግን አለ፣ ጽሕፈቱ አለ፤ እንጀራዬን አላጣሁም፤ ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

እታለሜ፣ አንድ ነገር ግን ሀብትነሽ የተናገረችው ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። «ቤሩት ሳለሽ ለቤተሰብሽ ምን ትዪያቸው ነበር?» ብዬ ጠይቄአት ነበር። «ደህና ነኝ» አለችኝ። «ልጅቷ ስትሞትም?» አልኳት። «ያን ቀንም ደውለው ነበር። ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ አልኳቸው» አለች። ከዚያ ወዲህ ያንቺን የድምፅ መልእክቶች ከስልኬ ላይ እያወጣሁ ደግሜ ሰማኋቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ሕፃኑን ታጥቢያለሽ፣ ታሳድጊያለሽ፣ «ማማ» የሚለው ማንን ይሆን? ትስቂያለሽ፤ ከሳቅሽ በኋላ ያለውን ዝምታ ግን ቀድሞ አልሰማሁትም ነበር።

ስለዚህ መልሱን በስልክ ድምፅ ሳይሆን በወረቀት ጻፊልኝ። ረጅም ይሁን። የሚያስከፋ ነገር ካለ አትዝለዪው፤ እኔ ነኝ የማነበው፣ እማዬ አይደለችም። ለኩሽናውም ሆነ ለሌላ ከእንግዲህ አትላኪ፤ ዝናብ አይገባም። የአውሮፕላን መሳፈሪያሽን ያዢ።

እማዬ ጉንጭሽን እያገላበጠች ትስምሻለች። እትዬ ይርጋነሽ «በስሟ ስዕለት አለብኝ፣ መጥታ ታስገባልኝ» ብላለች። ሐጂ አብዱሰመድ «ሁለቱን ልጆቼን፣ ዘሚራንና ያንተን እህት፣ አገናኘሃቸው» ብለው ደስ ብሏቸዋል፤ ከዘሚራ ጋር ተጠያየቁ፣ አርብ አርብ እረፍት አላት። ከፋለ ሰላም ብሎሻል፤ ዘንድሮ ይመረቃል። ሀብትነሽ ሳታይሽ ታውቅሻለች፣ እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ብላለች። ማሪሰልን ሳሚልኝ። ሕፃኑንም ሳሚው፤ እሱ ምን አጠፋ።

እማዬ አንቺ እንዳትከፊ ብላ «ለምን አትመጣም?» አትልም። እሷ የማትለውን እኔ ልበልሽ፤ ሻንጣሽ ሞላም ባዶ ሆነም፣ ወንድምሽ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይቀበልሻል። ነይ።

ወንድምሽ አስናቀው
ሞጣ፣ ምሥራቅ ጎጃም
ጥር 23 ቀን 2009 ዓ.ም.